«ሕግ ሳትማሪ ምን ልታስተምሪ ነው?» አሉኝ

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። የተማርኩት ላይብረሪ ሳይንስ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። ተማሪ መጥቶ «ይሄ አዋጅ ጠፋብኝ» ሲለኝና ፈልጌ ሳገኝለት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ይውላል።

ችግሩ የጀመረው ዲናችን ቢሮ ጠርተው «የሕግ ምርምር ኮርስ ላይ የአፈላለጉን ክፍል ከእንግዲህ እናንተ ታስተምሩታላችሁ» ሲሉኝ ነው። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሲደርሱ የተሻረ አዋጅ እየጠቀሱ አድቫይዘሮቹን አስቸግረዋል። ቅር አላለኝም። እንዲያውም ኮራሁ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ካታሎጉን፣ የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዞቹን፣ ድረ ገጾቹን አንድ በአንድ በፓወርፖይንት አሳየሁ። ግማሹ ተማሪ ስልኩ ላይ ነበር። አንዱ ደግሞ ስለ መያዣ ውል ጠየቀኝ። መልሱን አላውቀውም፤ ዝም አልኩ። ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። በማግስቱ አንድ መምህር በሻይ ሰዓት፣ ሰው ፊት፣ «ሕግ ሳትማሪ ምን ልታስተምሪ ነው?» አሉኝ። እንደ ቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ ሁለቱን ባልደረቦቼን እንዳሠለጥን ተጠይቄያለሁ። አንዱ ወጣት ነው፤ በሕግ ዲግሪ አለው። ማስረዳት ሲጀምር ግን ማቆሚያ የለውም፤ ተማሪው ግራ ገብቶት ይወጣል። ሌላው ጋሼ የምንላቸው ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል። የትኛው አዋጅ የትኛው ጥራዝ ላይ እንዳለ በቃላቸው ያውቁታል። ሰው ፊት ቆመው መናገር ግን ጭንቃቸው ነው። እኔ ራሴ ማስተማር ሳልችል ሌላ ሰው እንዴት አሠለጥናለሁ? ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ክፍያም የለውም። ባለቤቴ «እምቢ በያቸው፣ ራስሽን አታዋርጂ» ይለኛል። ዲኑ መልስ እየጠበቁ ነው። ልቀበል ወይስ ልተወው?

ግራ የገባኝ፣ ከቤተ መጻሕፍት

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ያ ሳቅና ያ የሻይ ሰዓት ንግግር እንዴት እንደወጋሽ ይገባኛል። ሰው የሚወደው ሥራው ላይ ሲነኩት ይብስበታል። ባለቤትሽም «እምቢ በያቸው» ያለሽ ስታለቅሺ ስላየ ነው፤ አልፈርድበትም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዲኑ የጠየቁሽ ሕግ እንድታስተምሪ ነው ወይስ ሕግ እንዴት እንደሚፈለግ እንድታስተምሪ? ያ ልጅ ስለ መያዣ ውል ሲጠይቅሽ መልሱን ማወቅ ያለብሽ መሰለሽ፤ ስላላወቅሽም አፈርሽ። እኔ ደግሞ ደብዳቤሽን ሳነብ «ይሄኔ ነበር ትምህርቱ የሚጀምረው!» አልኩ። «መልሱን መምህራችሁ ይነግሯችኋል። እኛ እስቲ ሕጉን አብረን እንፈልገው፤ ከየት እንጀምር?» ብትያቸው ኖሮ ክፍሉ በሙሉ ይነቃ ነበር።

ያንኑ ጥያቄ እንውሰደው። አንድ ባንክ የሰው ቤት በመያዣ ይዞ ገንዘብ አበደረ እንበል። የመያዣ ውሉ ግን በፍርድ ቤትም በውልና ማስረጃም አልተመዘገበም። ውሉ ይጸናል? ተማሪሽ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግን ይከፍታል። አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። ልጁ «አይጸናም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ተሳሳተ ማለት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 639 ይህንኑ አንቀጽ አሻሽሎታል። ባንክ ወይም አነስተኛ የብድር ተቋም ለሚሰጠው ብድር የሚደረግ የመያዣ ውል ከዚህ የምዝገባ ግዴታ ወጥቷል። ከድሮ ጀምሮ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው የሕግ መጽሐፍ ይህን አይነግረውም። ማሻሻያውን ካገኘ በኋላም አልጨረሰም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አንቀጽ 1723ን የተረጎመባቸው ውሳኔዎች አሉ። ሰነዶችን ስለ ማረጋገጥና ስለ መመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 922/2008ም አለ።

በዚህ ጉዳይ ውስጥ የመምህሩ ድርሻ አለ፤ ሕጉ ምን ማለት እንደሆነ የሚተነትኑት እሳቸው ናቸው። አንቀጹ ተሻሽሏል ወይ? ማሻሻያውን የት አገኘዋለሁ? ከማሻሻያው በኋላ ችሎቱ ምን አለ? እነዚህ ጥያቄዎች ግን ያንቺ ናቸው። መምህር ብዙውን ጊዜ ፈልጎ ያገኘውን ይዞ ነው ክፍል የሚገባው። እንዴት እንዳገኘው፣ የት የት እንደተሳሳተ ተማሪው አያይም። ያን የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ተቀበይው እላለሁ። በተሰጠሽ መልኩ ግን አይደለም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ያ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ለምን አልያዘም? ያለሽን ሁሉ አሳየሻቸው እንጂ ምንም እንዲፈልጉ አላደረግሻቸውም። ውኃ ዋና በገለጻ አይለመድም። ይህ ያንቺ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የሕግ ምርምር የሚያስተምሩ ባለሙያዎች አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር ከተማ ተሰብስበው ነበር። የሕግ ምርምር የማሰብ ሥራ ነው፤ የመጻሕፍትና የዳታቤዝ ዝርዝር በማሳየት አይሰጥም የሚል የጋራ መግለጫ አወጡ። አሜሪካ ብዙ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ላይብረሪያኖች የሕግም የላይብረሪም ዲግሪ አላቸው። ሁለቱም ዲግሪ ያለው ሰው እንኳን ማስተማርን ለብቻው መማር ነበረበት። አንቺ ቤትም ማስረጃው አለ፤ ወጣቱ ባልደረባሽ ሕግ ተምሯል፣ ተማሪው ግን ግራ ገብቶት ይወጣል። ስለዚህ ያጣሽው የሕግ ዲግሪውን አይደለም። ማስተማር የሚባለውን ሙያ ነው፣ እሱ ደግሞ ይለመዳል።

ምን እንደምታስተምሪ እናስብ። የኢትዮጵያን ሕግ ለሚፈልግ ሰው ከዓመተ ምሕረቱ የበለጠ ወጥመድ የለም ብዬ አምናለሁ። አሁን ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በአማርኛው 1156/2011 ነው፤ በእንግሊዝኛው 1156/2019። ጽሑፉን በእንግሊዝኛ የሚሠራ ተማሪ ከአማርኛው ላይ 2011ን እንዳለ ይገለብጠዋል፤ አንባቢው እንደ ፈረንጆቹ ዓመት ያነበዋል። የተሻረው የቀድሞ አዋጅ በእንግሊዝኛው 377/2003 ይባላል። «ስምንት ልቀንስ» ያለ ተማሪ 1995 ላይ ይደርሳል፤ የአማርኛው ግን 377/1996 ነው። ቁጥሩ ራሱም ያምታታል። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሲወጣ ኖሯል። የአዋጅ ቁጥር ግን በደርግ ጊዜ እንደገና ከአንድ ተጀመረ፤ በሽግግሩ ዘመንም፣ በ1987 ዓ.ም.ም እንዲሁ። ዓመቱን ያልያዘ «አዋጅ ቁጥር 1» የትኛው መንግሥት ያወጣው እንደሆነ አይታወቅም። ይህን ጋሼ በደንብ ያውቁታል። ስንቱ ተማሪ ያውቀዋል?

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስልሽ፤ አንቺ አታጪያቸውም። የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲለያዩ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የሚጸናው አማርኛው ነው፤ ተማሪው ግን ያነበበው እንግሊዝኛውን ብቻ ነው። ባሕር ዳር ስለተደረገ ፍቺ የሚጽፍ ልጅ የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ 213/1992 ይጠቅሳል፤ የአማራ ክልል ግን በክልሉ የሕግ ጋዜጣ በዝክረ ሕግ የወጣ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። መመሪያዎች ደግሞ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አይገኙም። ከአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁ ከ1183/2012 ወዲህ መመዝገብና በድረ ገጽ መውጣት አለባቸው፤ ተማሪው የት እንደሚፈልጋቸው ሊነገረው ይገባል። የሰበር ውሳኔ በሌሎች ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው፤ አሁን ያለው አዋጅ 1234/2013 ነው። አሜሪካ ያሉ ባልደረቦችሽ ውሳኔው መሻሩን በቀይ ምልክት የሚያሳይ ሥርዓት አላቸው። ያንቺ ተማሪ ግን ከ20 በላይ የሆኑትን የሰበር ውሳኔ ቅጾች (ጥራዞች) ራሱ እያገላበጠ ነው ችሎቱ ሐሳቡን መለወጥ አለመለወጡን የሚያየው። እዚህ ላይ ያንቺ እርዳታ ከየትኛውም ሌክቸር ይበልጥበታል።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ፒዲኤፍም እንዳትረሺ። ተማሪው የሚፈልገው እዚያ ነው፣ እውነቱን እንናገር። «አትጠቀሙ» ብትያቸው አይሰሙሽም። «ያገኛችሁትን ከነጋሪት ጋዜጣው ጋር አመሳክሩ» በያቸው። ቻትጂፒቲንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ጭራሽ የሌሉ ፍርዶች ፍርድ ቤት ፊት ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ይህን ንገሪያቸውና ከዚያ እንዲሞክሩት ፍቀጂላቸው። ማሽኑ የሰጣቸውን የሰበር መዝገብ ቁጥር ይዘው ቅጹን ይክፈቱ። መኖሩንና አለመኖሩን በዓይናቸው ይዩት።

አሁን ሁለት ሰዓቱን እንዴት ታሳልፊዋለሽ? ፓወርፖይንቱን ቤት አስቀምጪው። ክፍል እንደገባሽ ያቺን የባንክ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፊ። ሦስት ሦስት ሆነው ይፈልጉ። አንድ ወረቀት ስጫቸው፤ የት እንደፈለጉ፣ ምን እንዳገኙ፣ ለምን ወደሚቀጥለው እንደሄዱ ይመዝግቡ። አንቺ በመሀላቸው እየዞርሽ ተመልከቺ። ሲሳሳቱ ቶሎ አታርሚ፤ «እዚህ ላይ ለምን ቆማችሁ? ይህ ሕግ ዛሬም እንዳለ በምን አወቃችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ወደ መጨረሻው ላይ አንቺ ራስሽ ያንኑ ጥያቄ እነሱ ፊት ፈልጊ። የምታስቢውን ጮክ ብለሽ እየተናገርሽ። ባዶ እጅሽን የተመለስሽበትንም አትደብቂ፤ ተማሪ ትልቁን ነገር የሚማረው ከዚያ ነው። መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ጥራዞቹ ጠረጴዛው ላይ ይሁኑ፤ ሌላውን በፍላሽ ያዢ። ወረቀቶቹን ሰብስበሽ ማታ አንብቢ። ብዙው ቡድን አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳተ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜሽ እዚያ ላይ ነው።

«እኔ ሳልችል እንዴት አሠለጥናለሁ?» ላልሽው፣ አታሠልጥኚያቸው፤ አብራችሁ ተማሩ። ከሳምንቱ አንድ ቀን ከሥራ በፊት ሦስታችሁ ተገናኙ። አንዳችሁ ለአሥር ደቂቃ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ያስተምር፤ ለምሳሌ የተሻረ አዋጅ እንዴት እንደሚለይ። ሁለቱ ተማሪ ይሁኑ። ሲያልቅ ሁለት ነገር ብቻ ይናገሩ፤ የት ላይ እንደገባቸውና የት ላይ እንደጠፋባቸው። «ጎበዝ ነህ» ወይም «አልቻልክም» የሚባል ነገር አይኑር። ይህ ሲለመድ እውነተኛው ክፍል ውስጥም አንዱ ሲያስተምር ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ተማሪዎቹን ይይ። አስተማሪውን አይደለም፣ ተማሪዎቹን። ማን ፈለገ? ማን ስልኩን አነሳ? መቼ? በዩኒቨርሲቲያችሁ ጎበዝ የሚባል መምህር ካለ፣ የሒሳብም ይሁን የግብርና፣ አስፈቅደሽ አንድ ቀን ክፍሉ ግቢና ጥያቄ እንዴት እንደሚጠይቅ ተመልከቺ። ለመምህራን የሚሰጠው የኤች ዲ ፒ ሥልጠና ላይ እናንተም መግባት ትችሉ እንደሆነም ጠይቂ።

ለወጣቱ አንድ ደንብ ይበቃዋል። ተማሪዎቹ ፈልገው ሳይሞክሩ ምንም አያስረዳ። በመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ። ይከብደዋል። የሚያውቅ ሰው ዝም ማለት ያስጨንቀዋል፤ ዕውቀቱን ሊያካፍል ቸኩሎ እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ተማሪው ከአፈላለግ አልፎ የትርጉም ጥያቄ ሲያነሳ ከሦስታችሁ የሚደርስላችሁ እሱ ነው።

ጋሼን ግን ሰሌዳ ፊት አታቁሚያቸው። መድረክ የማይወድ ሰው ማስተማር አይችልም ያለው ማነው? ከአምስት ተማሪ ጋር ጥራዞቹ መሀል አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸው፣ «ይሄን ፈልጉልኝ» ይበሏቸው። እሳቸው የሚያውቁት ነገር የትም አልተጻፈም፤ ይህ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ጡረታ ሲወጡ አብሯቸው ሊሄድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወጣቱን አጠገባቸው አስቀምጪ። የትኛው ጥራዝ ምን እንደጎደለው፣ የትኛው ሕግ በየትኛው እንደተተካ እሳቸው ይንገሩት፣ እሱ ይጻፈው። ልጁ መስማት ይለምዳል፤ እናንተም በእጃችሁ መመሪያ ይኖራችኋል።

ስለ እኒያ መምህር እንነጋገር። ሰው ፊት እንደዚያ ማለታቸው ልክ አልነበረም። ግን ራስሽን ጠይቂ፤ እኒህ ሰው ሁልጊዜ ሰውን የሚያቃልሉ ናቸው ወይስ ተማሪዬ የተሳሳተ ሕግ ይማርብኛል ብለው የሰጉ? መጀመሪያ የጠቀስኩት ከሆኑ ራቂያቸው፤ ሁሉንም ሰው ማሳመን የለብሽም። ሁለተኛው ከሆኑ ግን ለብቻቸው አግኝተሽ «መምህር፣ ያን ቀን ያሉኝ ከብዶኝ ነበር። እኔ ሕጉን ልተነትን አልመጣሁም። ለአፈላለጉ ልምምድ የሚሆን አንድ ጥያቄ ይስጡኝ፣ መልሱንም እርስዎ ያርሙት» በያቸው። ክብርሽን አትለቂም፣ እሳቸውም ሥራው ውስጥ ይገባሉ። ይህን ለመናገር አሁን ዝግጁ ነሽ? ካልሆንሽ ሌላ የምትቀርቢው መምህር ጋ ሂጂ። ዋናው ነገር አብሮሽ የሚሠራ አንድ የሕግ መምህር መኖሩ ነው። ያለ እሱ መግባት የለብሽም።

ክፍያውን በተመለከተ ባለቤትሽ እውነት አለው። ሥራ ተጨምሮ ምንም ሳይነካ የሚቀጥል ነገር ሰውን ያደክማል። ለዲኑ በአፍ አትመልሺላቸው፤ አጭር ደብዳቤ ጻፊ። ሥራው በጽሑፍ ይሰጥሽ። በምታስተምሩበት ሰዓት የሦስታችሁ የዴስክ ሥራ ይቀነስ። ስማችሁ ኮርስ አውትላይኑ ላይ ይግባ። ለአፈላለጉ ልምምድ ከኮርሱ ውጤት የተወሰነ ነጥብ ይያዝለት፤ ነጥብ የሌለውን ነገር ተማሪ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። መጀመሪያ በአንድ ሴክሽን ብቻ ይሞከር። አድቫይዘሮቹም የተሻሩ ሕጎች የተጠቀሱባቸውን አንድ ሁለት የቆዩ የመመረቂያ ጽሑፎች የጸሐፊዎቹን ስም ሸፍነው ይስጡሽ፤ ለልምምድ ከዚያ የተሻለ ነገር አታገኚም። የክፍያውንም ጥያቄ ጻፊ። ላይመለስ ይችላል፤ ግን ተጽፎ ይቀመጥ።

ዲኑ ይህን ሁሉ እምቢ ካሉስ? ያኔ ኮርሱን አትውሰጂ። በምትኩ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጀምሩትን ብቻ በሳምንት አንድ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እንደምትቀበሉ ንገሪያቸው። አምስት አምስት እየሆኑ፣ የራሳቸውን ርዕስ ይዘው ይምጡ። ይህ ካንቺ መደበኛ ሥራ አይወጣም፣ የማንም ፈቃድ ብዙ አያስፈልገውም። ደብዳቤውን ከመስጠትሽ በፊት ግን ለወጣቱም ለጋሼም አንብቢላቸው፤ ስማቸው ያለበት ነገር ነውና አስተያየታቸው ይግባበት።